ክሮፕ ወይስ ፉል ፍሬም፦ ለደብረ ብርሃን ሠርግና ለጓሳ ቀይ ቀበሮ

የጣርማበር ጉም (ደብረ ብርሃን)

የምሠራበት ካሜራ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ካኖን 7ዲ ማርክ 2 ሲሆን ሴንሰሩ (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስሉን የሚሠራው ክፍል) ክሮፕ፣ ማለትም ከፉል ፍሬም ያነሰ ነው። ሌንሶቼ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ከ18 እስከ 135 ሚሊ ሜትር የሚደርሰው፣ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ከ3.5 እስከ 5.6 የሆነው የዘወትር ሌንስ፣ ሁለተኛው ደግሞ ለዱር እንስሳት የምጠቀምበት ባለ 400 ሚሊ ሜትሩ ነው። ሥራዬም እንዲሁ ሁለት ነው። በሠርግ ወራት እንጀራዬ በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ካሉ ሙሽሮች ነው፤ ጾም ገብቶ ሠርግ ሲቆም ደግሞ መንዝ ወጥቼ በጓሳ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ አነሳለሁ።

አሁን አንድ ሰው ያገለገለ ካኖን 6ዲ ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። «ፉል ፍሬም ስለሆነ ሪዞሉሽኑ ካንተው ካሜራ ከእጥፍ በላይ ነው» ይለኛል፤ የሁለቱንም መግለጫ ሳነብ ግን አንዱም 20.2 ሜጋፒክስል፣ ሌላውም 20.2 ሜጋፒክስል ይላል። ከእጥፍ በላይ የሆነው ምኑ እንደሆነ፣ ብገዛውም ለሁለቱ ሥራዎች ይበቃኝ እንደሆነ የምታውቁ እንድታስረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። 7ዲውን ካልሸጥኩ በቀር ሌላ ለመግዛት አቅም የለኝም።

የፊዚክስ መምህር (ደብረ ሲና)

ሻጩ የሴንሰርን ስፋት ከሪዞሉሽን፣ ማለትም ምስሉ ከተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች (ፒክስሎች) ብዛት ጋር አደባልቆ ነው የነገረዎት። ፉል ፍሬም የሚባለው በጥንቱ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ ይነሳ የነበረውን 36 በ24 ሚሊ ሜትር ምስል የሚያህል ሴንሰር ነው፤ ይህንን መጠን ያስለመደውም ኦስካር ባርናክ የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ የቀረበው ላይካ ካሜራ ነው። የ6ዲው ሴንሰር 35.8 በ23.9 ሚሊ ሜትር ሲሆን የእርስዎ 7ዲ ማርክ 2 ደግሞ 22.4 በ15 ሚሊ ሜትር ነው። ቢያባዙት የመጀመሪያው ስፋት ከሁለተኛው ሁለት ተኩል እጥፍ ይሆናል። የሻጩ «ከእጥፍ በላይ» እንግዲህ ይህ ነው። የምስሉ መጠን ግን በሁለቱም ካሜራዎች 5472 በ3648 ፒክስል ስለሆነ፣ በቁጥር ደረጃ አንዱ ከሌላው የሚበልጥበት አንዲት ፒክስል የለችም።

ልዩነቱ ያለው እያንዳንዱ ፒክስል በያዘው ቦታ ላይ ነው። የ6ዲው አንድ ፒክስል ጎኑ 6.5 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ) ያህል ሲሆን የ7ዲው 4.1 ነው። አፐርቸሩና የሹተሩ (ብርሃኑን የሚከፍተውና የሚዘጋው ክፍል) ፍጥነት አንድ ከሆኑ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ የሚያርፈው ብርሃን በሁለቱም ካሜራዎች እኩል ነው፤ ሴንሰሩ የሰፋው ካሜራ ግን በድምሩ ሁለት ተኩል እጥፍ ብርሃን ይሰበስባል። ብርሃን በባሕርዩ ቅንጣት ቅንጣት ሆኖ የሚደርስ በመሆኑ የሚመጣው ቅንጣት ባነሰ ቁጥር መዋዠቁ ጎልቶ ይታያል፤ በጨለማ ቦታ ፎቷችን ላይ እንደ አሸዋ የሚነሰነሰው ኖይዝ በአብዛኛው ይኸው መዋዠቅ ነው። ጥራቱ የሚያድገው በብርሃኑ መጠን ሳይሆን በካሬ ሥሩ ልክ ስለሆነ፣ ሁለት ተኩል እጥፍ ብርሃን የሚሰጠው ጥቅም አንድ ነጥብ ስድስት እጥፍ ገደማ ነው። በፎቶ አንሺዎች አነጋገር አንድ ስቶፕ ከሲሶ ገደማ መሆኑ ነው (ብርሃኑ እጥፍ ሲሆን አንድ ስቶፕ ይባላል)፤ የሴንሰሮቹ ሥሪት ተቀራራቢ ሲሆን በ7ዲው አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ትብነት) 6400 ላይ የሚያዩትን ኖይዝ በ6ዲው የሚያገኙት ወደ 16000 ሲጠጉ ነው።

ብዙዎች የሚዘነጉት ሌላ ጉዳይም አለ። ፎቶውን በኤ3 ወረቀት ሲያሳትሙ ርዝመቱ 42 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ወደዚያ ለመድረስ ከ7ዲው ሴንሰር ላይ ያለው ምስል ወደ 19 ጊዜ ገደማ ሲጎላ፣ ከ6ዲው ላይ ያለው 12 ጊዜ ያህል ብቻ ይጎላል። የሌንሱ ድክመት፣ ትንሿ የፎከስ መሳት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ ሁሉ አብረው ይጎላሉ። ስለዚህ የፒክስላቸው ቁጥር እኩል የሆነ ሁለት ካሜራዎች በመካከለኛ ሌንስ ሲሠሩ፣ ክፈፉን በአንድ ዓይነት መልክ ሞልተው እስካነሱ ድረስ የፉል ፍሬሙ ጥርት ብሎ ይታያል። ጥርት ያለውም ሴንሰሩ ሪዞሉሽን ስለጨመረ ሳይሆን ከሌንሱ የሚጠይቀው ስላነሰ ነው።

ቀበሮ ጠባቂ (መሐል ሜዳ)

መምህር የጻፉት ትክክል ነው፤ ይሁንና «ክፈፉን በአንድ ዓይነት መልክ ሞልተው እስካነሱ ድረስ» ያሉት ቅድመ ሁኔታ ጓሳ ላይ እንደማይሠራ በስሌት ላሳይ።

ቀይ ቀበሮ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ሥር አንድ ሜትር ገደማ ነው። አይጥ ሲያድፍጥ በ80 ሜትር ርቀት አገኙት እንበል፤ ከዚያ ቢጠጉ ሸሽቶ ይሄዳል። ባለ 400 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ በዚያ ርቀት ያለውን ቀበሮ በሴንሰሩ ላይ የሚያሳርፈው 5 ሚሊ ሜትር ርዝመት ባለው ምስል ነው፤ ከኋላው የተቀመጠው ክሮፕ ይሁን ፉል ፍሬም ሌንሱ አያውቅም። ይህች 5 ሚሊ ሜትር በ6ዲው ላይ 760 ፒክስል ገደማ ትሆናለች፤ በ7ዲ ማርክ 2 ግን 1220 ትደርሳለች። የጆሮው ጠርዝ፣ የጉሮሮው ነጭ ፀጉር፣ የዓይኑ ብልጭታ የሚለየው በዚህ ልዩነት ነው። ከፉል ፍሬሙ ፎቶ ላይ የ7ዲውን ክፈፍ የሚያህል ቆርጠው ቢያወጡ የሚቀርዎት ወደ 8 ሜጋፒክስል ነው።

የኖይዝ ጥቅሙም እዚህ ይጠፋል። ያ ሁለት ተኩል እጥፍ ብርሃን ያረፈው ቀበሮው ላይ ሳይሆን በዙሪያው ባለው የጓሳ ሣር ላይ ነው፤ እርስዎ ደግሞ እሱን ቆርጠው ይጥሉታል። በቀበሮው ምስል ላይ ያረፈው ብርሃን በሁለቱም ካሜራዎች አንድ ነው።

በዚያ ላይ 6ዲ የተሠራው ለሩጫ አይደለም። የፎከስ ነጥቦቹ 11 ሲሆኑ በሰከንድ የሚያነሳው 4.5 ፎቶ ነው፤ የእርስዎ 65 ነጥብ አለው፣ በሰከንድም 10 ያነሳል። በእኔ ግምት 7ዲውን ሸጠው 6ዲ ይዘው ጓሳ ቢመጡ ያዝናሉ።

ጭላዳ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የጓሳ ጭላዳዎች ሰው ለምደዋል፤ ተረጋግተው ለተቀመጡላቸው ሣራቸውን እየነጩ ጥቂት ሜትሮች ድረስ ይቀርባሉ። የወንዱን ጎፈርና የደረቱን ቀይ ቆዳ ክፈፍ ሙሉ ማንሳት ስለሚቻል እዚያ የመምህር ስሌት ይሠራል፤ ፉል ፍሬም የያዘ ሰው ይጠቀማል።

አልበም አታሚ (ደብረ ብርሃን)

እኔ የማየው ሌሎች ያነሱትን ነው፤ ከሁሉም ዓይነት ካሜራ የወጣ ፋይል በእጄ ያልፋል። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ኤ4 ለማተም 8.7 ሜጋፒክስል፣ ኤ3 ለማተም ደግሞ 17.4 ሜጋፒክስል ይበቃል። በቀን ብርሃን፣ በአይኤስኦ 400 የተነሳ የመስክ ፎቶ በኤ4 አልበም ላይ ከታተመ በኋላ ከክሮፕ ይምጣ ከፉል ፍሬም ለይቶ የሚነግረኝ ደንበኛ አላየሁም፤ ፎቶ አንሺውም ራሱ አይለየውም ብል አልተሳሳትኩም። መምህር «ጥርት ብሎ ይታያል» ያሉት በስክሪን ላይ መቶ በመቶ አጉልቶ ለሚያይ ሰው እውነት ሊሆን ይችላል፣ በወረቀት ላይ ግን አልስማማም።

ጥራት ፍለጋ ካሜራ ከመቀየር በፊት ብዙዎቻችሁ ፋይል የምትልኩበትን መንገድ ብትቀይሩ ይሻላል። የሠርግ ፎቶ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ ተጨምቆ ነው የሚደርሰኝ፤ ባለ 20 ሜጋፒክስሉ ካሜራም ባለ 45ቱም ያን ጊዜ እኩል ናቸው። እንደ ፋይል አድርጋችሁ ላኩ፤ አለዚያ በፍላሽ ዲስክ አምጡልኝ። የሙሽራዋ የቀሚስ ጥልፍ ተደፍጥጦ ሲታተም የምወቀሰው እኔ ነኝ።

የጣርማበር ጉም (ደብረ ብርሃን)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የቀበሮው ስሌት በሚገባ ገብቶኛል። ለአልበም አታሚም፣ የመስክ ፎቶ ችግሬ እንዳልሆነ ልግለጽ። የሚያስቸግረኝ ተክሊል ነው። ሥርዓቱ የሚፈጸመው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ ገና በማለዳ ስለሆነ ብርሃኑ የጧፍና የጥቂት አምፖሎች ብቻ ነው፣ ፍላሽ ማብራትም ነውር ነው። በዘወትር ሌንሴ ሳነሳ አይኤስኦ 6400 ደርሶም ሹተሩ ይዘገያል፤ የካህናቱ ካባ ላይ ያለው የወርቅ ክር ይፈዛል፣ የፊት ቆዳም ይሻክራል። 6ዲው ለዚህ መፍትሔ ይሆነኛል?

የፊዚክስ መምህር (ደብረ ሲና)

በከፊል ይሆናል፤ ሆኖም ከመግዛትዎ በፊት ሌንስዎን ይመልከቱ። ከ18 እስከ 135 ያለው ሌንስዎ ለክሮፕ ብቻ የተሠራ ስለሆነ 6ዲው ላይ ከነጭራሹ አይገጠምም። በኒኮን የክሮፕ ሌንስ በፉል ፍሬም ካሜራ ላይ ይገጠምና ካሜራው ራሱ ምስሉን ይቆርጠዋል፤ በካኖን መስታወት ባላቸው ካሜራዎች ግን አፉ ራሱ አይቀበለውም። ስለዚህ የ6ዲው ዋጋ ብሎ ሻጩ የነገረዎት ዋጋ የእውነት ዋጋው አይደለም፤ ሌንስም ይጨመርበታል።

ያንን ተጨማሪ ገንዘብ አሁን ባለዎት ካሜራ ላይ ቢያውሉትስ? ሲግማ እ.ኤ.አ. በ2013 ለክሮፕ ካሜራዎች ያወጣው ከ18 እስከ 35 ሚሊ ሜትር የሚዘረጋ ሌንስ አለ፤ አፐርቸሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.8 ነው። በካኖን ክሮፕ ላይ ሁሉንም በ1.6 (የፉል ፍሬም ወርድ ከክሮፕ በሚበልጥበት እጥፍ) ብናባዛ፣ የሚያሳየው ስፋት በፉል ፍሬም ከ29 እስከ 56 ሚሊ ሜትር የሚያህል ይሆናል። አፐርቸሩንም በ1.6 ስናባዛ 2.9 ይመጣል። ይህም ማለት በዚህ ሌንስ በክሮፕ የተነሳ የተክሊል ፎቶ፣ ሴንሰሩ የሚሰበስበው ጠቅላላ ብርሃንም ሆነ ከሙሽሮቹ ኋላ ያለው መጋረጃ የሚደበዝዝበት ልክ፣ ባለ 2.8 ሌንስ ከተገጠመለት ፉል ፍሬም ጋር ተካክሎ ይገኛል ማለት ነው። ሰዎች የትኩረት ርዝመቱን (የሌንሱን ሚሊ ሜትር) በ1.6 አባዝተው አፐርቸሩን ሳያባዙ ሲተዉት ነው ክርክሩ ማለቂያ የሚያጣው።

ከዘወትር ሌንስዎ ጋር ሲነጻጸር ከ3.5 ወደ 1.8 መውረድ ብቻውን ሁለት ስቶፕ ገደማ ያስገኛል። ከ6ዲው የሚያገኙት አንድ ከሲሶ ነበር። ከዚያ በላይ መሄድ የሚችለው ፉል ፍሬም ራሱ ባለ 1.8 ወይም ባለ 1.4 ሌንስ ሲገጠምለት ነው፤ ያን ጊዜ ክሮፕ አይደርስበትም፤ ይህንን መካድ አይቻልም።

የድሮ ፎቶ ቤት (አንኮበር)

መምህር ሆይ፣ ስለ ኖይዝ ብቻ ስትነጋገሩ ጥላና ብርሃን ተረሳ። የእኛ አገር ሠርግ የሚፈትነው እዚያ ላይ ነው። ሙሽራዋ ነጭ ለብሳ ፀሐይ ላይ ትቆማለች፤ አጠገቧ አያቷ ጥቁር የመንዝ በርኖስ ደርበው ጥላ ውስጥ ይቀመጣሉ። ቀሚሷ በፎቶው ላይ ነጭ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ብርሃኑን ስትቀንሱ በርኖሱ ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል፤ በኋላ በኮምፒውተር ጥላውን ከፍ ስታደርጉ የሱፉ ዘርፍ አንድ በአንድ መውጣት ሲገባው ሐምራዊና አረንጓዴ ነጠብጣብ ይወጣል።

ፉል ፍሬም በዚህ በኩል ይሻላል ተብሎ በደፈናው ይነገራል። ሴንሰሩ መቼና እንዴት ተሠራ የሚለው ግን ከስፋቱ የበለጠ የሚወስንበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ካኖን 5ዲ ማርክ 2 ፉል ፍሬም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ኒኮን ዲ7000 ክሮፕ ነው። ካሜራዎችን የሚፈትሸው ዲኤክስኦማርክ በለካው ዳይናሚክ ሬንጅ (ካሜራው ከጥላ እስከ ደማቅ ብርሃን በአንድ ፎቶ መያዝ የሚችለው ልክ) የመጀመሪያው 11.9፣ ሁለተኛው 13.9 ስቶፕ አስመዝግበዋል። ትንሹ ሴንሰር ትልቁን በሁለት ስቶፕ በለጠው ማለት ነው። ምክንያቱ ካሜራው ራሱ ምልክቱን ሲያነብ የሚጨምረው ኖይዝ ነው፤ በጥላ ክፍል ላይ የሚታየው ከብርሃኑ ይልቅ እሱ ነው። 6ዲም 7ዲ ማርክ 2ም በዝቅተኛ አይኤስኦ ጥላ ሲነሳባቸው የማይወዱ የዚያ ዘመን ካኖኖች ናቸውና፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ለበርኖስ ብሎ መሸጋገር ብዙ አያተርፍም። እኔ ብሆን ሙሽራዋን ወደ ጥላው አስጠጋታለሁ። ይህ ምንም ወጪ የለውም።

ቀበሮ ጠባቂ (መሐል ሜዳ)

ጋሼ የተናገሩት ደስ አሰኝቶኛል። እኔም ስለ ርቀት የጻፍኩት እንዳይለጠጥ አንድ ማረሚያ ልጨምር፤ የፒክስል ጥግግት የሚጠቅመው አየሩ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ፀሐይ ከፍ ስትል የሜዳው መሬት ይሞቅና አየሩ ይንቀጠቀጣል፤ ከጣርማበር አፋፍ ቁልቁል ወደ ቆላው ለሚያነሳማ የባሰ ነው። ያን ጊዜ በ400 ሚሊ ሜትር የተነሳ የሩቅ ነገር በየትኛውም ሴንሰር ውኃ ውስጥ እንዳለ ሆኖ ይታያል፤ 1220ውም ፒክስል የሚመዘግበው የአየሩን መንቀጥቀጥ ነው። የጓሳ ማለዳ ከዜሮ በታች ቢወርድም ጥርት ያለ ቀበሮ የሚገኘው በዚያ ሰዓት ነው።

አፐርቸርም ከልክ በላይ አይጠበብ። በ11 ላይ ብርሃኑ በቀዳዳው ጠርዝ ሲያልፍ የሚፈጥረው የብዥታ ክብ 15 ማይክሮን ያህል ይሆናል፤ በ7ዲው ሦስት ፒክስል ተኩል፣ በ6ዲው ሁለት ከሩብ ይሸፍናል። ክሮፕ የያዘ ሰው በ5.6 እና በ8 መካከል ቢቆይ ይመከራል።

ሁለቱን ጥቅም በአንድ አካል የያዘ ካሜራ መኖሩንም ለመጥቀስ ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ኒኮን ዲ850 ፉል ፍሬም ሆኖ 45.7 ሜጋፒክስል ስላለው፣ ወደ ክሮፕ ቢቆረጥም 19.4 ይቀረዋል። ፒክስሉ 4.35 ማይክሮን ነው፤ ከእርስዎ 7ዲ ጋር ይቀራረባል ማለት ነው። ነገር ግን የካኖን ሌንሶችዎን ሁሉ መሸጥ ይጠይቃል፤ ለሠርግ ገቢ የሚመከር ወጪ አይመስለኝም።

የጣርማበር ጉም (ደብረ ብርሃን)

ነገሩ ጠርቶልኛል። 7ዲው አይሸጥም፤ ገንዘቡ ወደ ባለ 1.8 ሌንስ ይሄዳል። ሻጩ ግን ጎረቤቴ ስለሆነ «ወስደህ ሞክረው» ብሎ 6ዲውን ለጥቂት ቀናት ሰጥቶኛል፤ ሳልሞክረው ብመልስ ቅር ይለዋል። ሁለቱን በትክክል ለማነጻጸር ምን ላድርግ?

የፊዚክስ መምህር (ደብረ ሲና)

ሁለት የተለያዩ ሙከራዎች ያድርጉ፤ ውጤታቸውንም አያደባልቁ። ለሁለቱም ካሜራዎች የሚገጠመው ባለ 400ው ሌንስ ብቻ ስለሆነ እሱን በትራይፖድ ላይ ያቁሙት። በመጀመሪያው ሙከራ ትራይፖዱን ሳያንቀሳቅሱ፣ ሩቅ የተሰቀለ የጥበብ ነጠላ በሁለቱም ያንሱ፤ ይህ የቀበሮው ሙከራ ነው። በሁለተኛው ደግሞ ነጠላው በሁለቱም ካሜራዎች ክፈፉን እኩል እስኪሞላ ድረስ በ6ዲው ጊዜ ወደ ፊት ይጠጉ፤ ይህ የተክሊሉ ነው። ሁልጊዜ በራው (ካሜራው ባላስዋበው ጥሬ ፋይል) ያንሱ፤ ጄፔግ ከሆነ ካሜራው ራሱ ኖይዙን ስለሚያለሰልሰው የሚወዳደሩት ሴንሰሮቹ ሳይሆኑ ሶፍትዌሮቻቸው ይሆናሉ። ፎከሱን በላይቭ ቪው (በካሜራው ስክሪን ላይ) አጉልተው በእጅ ያስተካክሉ፣ ሹተሩንም በሁለት ሰከንድ ማዘግያ ይልቀቁት። አይኤስኦውን በ400፣ ከዚያ በ6400 ይድገሙት።

አልበም አታሚ (ደብረ ብርሃን)

የአይኤስኦ 6400ዎቹን በፍላሽ ዲስክ ያምጡልኝ፤ የካሜራዎቹን ስም ሳይጽፉ በኤ4 እና በኤ3 ጎን ለጎን አትማቸዋለሁ፤ መምህርም ከደብረ ሲና ሲወጡ ጎራ ብለው ይለዩዋቸው።

የፊዚክስ መምህር (ደብረ ሲና)

እመጣለሁ። ኤ3ው ላይ እለየዋለሁ፤ ስለ ኤ4ው አልወራረድም።